ለቤቴ ያልተረፈ ድምፅ

ሐኪሙ ጉሮሮዬ ውስጥ ያለውን እባጭ ሐሙስ እንደሚያወጣው ነገረኝ። ድምፄ ግን ከዚያ በኋላ ላይመለስ እንደሚችል አልደበቀኝም። «ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ። ለሕፃናት እዘፍናለሁ ስለው ቀና ብሎ አየኝ። የፈራው አልቀረም፤ አሁን የምጽፈው መናገር ስለማልችል ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ክራሬን አንግቼ ከአስኮ እስከ ቤቴል ያልገባሁበት መዋለ ሕፃናት የለም። ኮልፌ ውስጥ ታክሲ ስሳፈር ረዳቱም ተሳፋሪውም በልጅነቱ አብሮኝ የዘፈነ ነው። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም፤ አጉል ኩራትም ነበረብኝ።

ቤት ስገባ ግን ዱዳ ነበርኩ። ድምፄን ለመቆጠብ ብዬ ሕግ አወጣሁ። ውሃ ስፈልግ አንድ ጊዜ አጨበጭባለሁ፤ ጫጫታ ሲበዛብኝ ሁለት ጊዜ። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ለሰው ልጅ ትዘፍናለህ፣ የራስህን ልጅ እንደ ዶሮ በጭብጨባ ታባርራለህ» ትለኝ ነበር። ብቸኛዋ ልጃችን በስድስት ዓመቷ ኩፍኝ ይዟት ተኝታ «አባዬ ዝፈንልኝ» አለችኝ። በማግስቱ የትምህርት ቤት በዓል ነበረብኝ። ሁለት ጊዜ አጨበጨብኩላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ከዚያ ወዲህ ጠይቃኝ አታውቅም።

ሐሙስ ሳይደርስ አንድ ዘፈን እንኳ ልዝፈንላት ብዬ ቆረጥኩ። ረቡዕ ጠዋት ክራሬን ይዤ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ቤቷ ሄድኩ።

«ልዝፈንልሽ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ግራ እንደገባት ተቀመጠች። ድምፄ ቢሻክርም ወጣልኝ። ዘፈኖቼ ሁሉ ልጆች የሚመልሱበት ቦታ አላቸው። «ጥጃዬ ወዴት ገባች?» ብዬ ስቆም ክፍሉ በሙሉ «እናቷ ጋ!» ብሎ ይጮኻል። ያን ቀንም በልማዴ ቆምኩ። ልጄ ዝም ብላ ታየኛለች።

«ቀጥል እንጂ አባዬ፤ አመመህ እንዴ?»

«መልሺልኝ እንጂ፤ ያንቺ ተራ ነው።»

«አላውቀውማ» አለች። ቁጣ እንኳ የለባትም። «መቼ ሰምቼው?»

አፈርኩ። የኮልፌ ልጅ ሁሉ በቃሉ የያዘውን የእኔዋ አታውቀውም። ዓይኗን ማየት ስላቃተኝ ክራሩ ላይ አቀረቀርኩና የእሷንም ድርሻ ራሴ እየመለስኩ እስከ መጨረሻው ዘፈንኩላት።