ለአስቴር ይዘን የሄድነው መርዶ

ቅዱሳን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ እዚህ መድረክ ላይ ቆሜ አላውቅም። ንግግርም አልችልበትም፤ በመሃል ዝም ካልኩ ታገሱኝ። ግን ጌታ ያደረገልኝን ይዤ መቀመጥ ከበደኝ። ስለዚህ እናገራለሁ። ስሙ ይባረክ!

ስሜ ማቴዎስ ነው። እዚሁ ሆሳዕና ባጃጅ እነዳለሁ፤ አንዳንዶቻችሁን ገበያ አድርሻለሁ። ታላቅ ወንድሜን ደሳለኝንም ታውቁታላችሁ፤ እኛ ቤት ደሴ ነው የምንለው፤ እዚሁ ነው ያገባው።

ከመጨረሻው ደህና ቀን ልጀምር። መናኸሪያው በር ላይ ተራ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ደሴ በቪዲዮ ደወለ። ደሴ ለዓመታት ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ነው የኖረው። ተመልሶ አስቴርን ሲያገባ፣ "እዚያ ሳለሁ ከሱቄ የብረት ፍርግርግ ውጭ ምንም አላየሁም፤ የገዛ አገሬንም አላውቅም፤ አብረን እንይ" አላት። ከጓደኛው ፒካፕ ተዋሰና ሁለቱ ወጡ። በሶዶ አድርገው አርባ ምንጭ፣ ከዚያ ጨንቻ ተራራ ላይ ወጥተው በብርድ ሲንቀጠቀጡ ፎቶ ላኩልን። አሁን ደግሞ ኮንሶ ደርሰዋል።

"ማቲ፣ እየው ይሄን! ተራራውን በሙሉ በድንጋይ ደረጃ ደረጃ አድርገው እርሻ አውጥተውበታል። አንተ የእማዬን አጥር መጠገን አቅቶህ!"

አስቴር ስልኩን ነጠቀችው። "ወንድምህ ፍየል ባየ ቁጥር መኪና ያቆማል። በዚህ አያያዝ በረሃውን የምናየው ስናረጅ ነው።"

እኔ ምን አልኩ? "ፓስፖርቴስ?" አልኩ።

ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ ጌታን አላውቅም ነበር። እናቴን እሁድ እዚህ አደርሳታለሁ፤ እኔ ውጭ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ስልኬን እየነካካሁ እጠብቃታለሁ። የማምነው ደሴን ነበር። ደሴ ደቡብ አፍሪካ ይወስደኛል፣ ደሴ ሱቅ ያስገባኛል። ሌላ ተስፋ አልነበረኝም።

"ስመለስ እናወራለን" አለኝና ሳቀ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

በማግስቱ ወደ ወይጦ በረሃ ሲወርዱ ጎማ ፈነዳና መኪናው ተገለበጠ። ደሴ አረፈ። አስቴር ጭኗ ተሰብሮ እዚያው ታች ሆስፒታል ገባች። ደሴን ፎንቆ አምጥተን፣ አባታችን አጠገብ ቀበርነው።

ይቅርታ... እሺ። ጌታ ይመስገን።

የእኛን አገር ነገር ታውቃላችሁ። መርዶ ለታመመ ሰው አይነገርም። ዶክተሩም በስልክ እንዲህ አለን፦ "የደም ግፊቷ አልወርድ ብሏል። ካልወረደ ቀዶ ጥገናውን አልደፍርም። እየቆየ ከሄደ ደግሞ ለእግሯ እሰጋለሁ።" ሽማግሌዎቹ ይህን ሰምተው "ምንም እንዳትሰማ" አሉ። የምታስታምማት አክስቷም "ደሴ ሆሳዕና ሐኪም ቤት ነው" ብላ ነገረቻት። አስቴር ግን እኔ ላይ ትደውላለች።

"ማቲ፣ ደሴ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው። ተኝቷል።"

"እሺ። ሰላም በልልኝ።"

ሰው እንዲህ ብላችሁ አታልላችሁ ታውቃላችሁ? ስልኩን ስዘጋ ባጃጁን ጥግ አስይዤ አለቅስ ነበር። ወንድሜም ሄደ፣ ተስፋዬም አብሮ ሄደ። ሰው "ጌታ ያጽናህ" ሲለኝ ፊቴን አዞር ነበር።

በመጨረሻ እናቴ፣ "የልጄን መርዶ ከመንገደኛ ከምትሰማው ከእኛ ትስማ። ማቴዎስ፣ ወንድሙ አንተ ነህ፤ ሂድ" አለችኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ላምበሞ አብረውኝ ሄዱ። ደሴ በሄደበት መንገድ በሚኒባስ ወረድን። መንገዱን ሙሉ ጋሽ ላምበሞ የሚሉትን ሲለማመዱ ነበር። "መጀመሪያ ስለ ኢዮብ አነሳለሁ። ከዚያ አንተ እጇን ትይዛለህ" ይሉኛል። እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነበር፦ ነግረናት የባሰ ብትወድቅስ? በእጃችን ላይ ብትቀርስ?

ዋርድ ውስጥ ስንገባ አስቴር ፈገግ አለችልን። አክስቷን ውሃ እንድትገዛላት ላከቻት። ጋሽ ላምበሞ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ልጄ፣ ኢዮብ የሚባል ሰው..." ብለው ሲጀምሩ አቋረጠቻቸው።

"ጋሼ፣ ደሴን የት ቀበራችሁት? አባቱ አጠገብ ነው?"



"ታውቂያለሽ እንዴ?" አልኳት።

"እጄ ላይ ነው ያረፈው። እንዴት አላውቅም?"

"ታዲያ በየቀኑ ስትጠይቂኝ?"

"መጀመሪያ ስደውል 'ተኝቷል' አልከኝ። ላንተ አልነገሩህም አልኩ። ባጃጅ ላይ ነህ፤ በስልክ ከእኔ ሰምተህ ብትጋጭስ? እናትህን በአንድ ጊዜ ሁለት ልጅ ላሳጣት? ስለዚህ እንደማላውቅ ሆንኩ። አሁን ሽማግሌ ይዘህ ስትመጣ ነው እንደሰማህ የገባኝ።"

ጋሽ ላምበሞ ጭንቅላታቸውን ያዙ። "እናንተ ልጆች! ለካ መርዶውን እየተደባበቃችሁ ነው የከረማችሁት!" አሉ። ሳቅ መጣብን። ከዚያ ሦስታችንም አብረን አለቀስን። አስቴር እስከዚያ ሰዓት አላለቀሰችም ነበር፤ ሁሉን ውስጧ ይዛው ነበር።

ከዚያ ነገረችን። መኪናው ከተገለበጠ በኋላ ደሴ በእግሩ ወጥቷል። እሷን ጎትቶ ግራር ሥር አስቀምጦ፣ ሸሚዙን ቀድዶ እግሯን በእንጨት አስሮላታል። "ጎኔን ትንሽ አመመኝ" ብቻ ነው ያላት። ኔትወርክ የለም፣ መኪናም አያልፍም። ውስጡ እየደማ እንደሆነ አላወቁም። እየደከመ ሲሄድ ገባው።

"ፈርቶ ነበር?" አልኳት።

"ፈርቷል። አልዋሽህም፣ አልቅሷል። ከዚያ ቀና ብሎ የወረድንበትን ተራራ አየው። ከበረሃው ሲታይ ሰማያዊ ነው። 'ጌታ ሆይ፣ ከእሷ ጋር ይህን ስላሳየኸኝ ተመስገን' አለ። ቀጥሎ ስለ አንተ አነሳ። 'ማቲ ፓስፖርት ይለኛል። እኔን እንደ ጌታው አድርጎኛል፤ እኔ ግን ይኸው አንድ መኪና እንኳ ማስቆም አልቻልኩም። የያዘኝ ሌላ ነው። እሱን ይያዝ በይው' አለኝ።"

ወገኖቼ፣ ብዙ ስብከት በመስኮት ሰምቻለሁ፤ ይህን ያህል የገባኝ የለም። የምመካበት ሰው በረሃ ላይ ምንም ሳይኖረው በማን እንደተመካ ሰማሁ። እዚያው አልጋዋ አጠገብ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከክሁ። ጋሽ ላምበሞ እጃቸውን ጫኑብኝ። ጌታን ተቀበልኩ። ሃሌ ሉያ!

ሐዘኑ አልሄደም። ዛሬም ቪዲዮ ሲደወልልኝ ልቤ ይደነግጣል። ግን ብቻዬን አይደለሁም። አስቴር ይቻትላችሁ፣ ከእናቴ ጎን በከዘራ መጥታለች! ዶክተሩ በሁለት እግሯ እንደምትቆም ቃል አልገባልንም ነበር። ከእናንተ መካከል አንድ ሰው ላይ ብቻ ተደግፎ የቆመ ካለ፣ እንደ እኔ ሰውየው እስኪወድቅ አይጠብቅ። ጌታን ይመነው። ጌታ በረሃም ላይ አለ።

የቀረችኝን ተናግሬ ልቀመጥ። በማግስቱ ጠዋት ሲስተሯ የአስቴርን ደም ግፊት ለካች። ደግማ ለካች። ዶክተሩን ጠራችው። ወርዷል! "ምን መድኃኒት ሰጣችኋት?" አለ። ጋሽ ላምበሞ ቀጥ ብለው "መርዶ" አሉት።

ወዲያው ለቀዶ ጥገና ወሰዷት። በሩ ጋ ስንደርስ ጋሽ ላምበሞን አይቼ ጸሎቱን ጠበቅሁ። እሳቸው ግን እኔን አዩኝ። እኔ ድምፄን አውጥቼ ጸልዬ አላውቅም። በአማርኛ የሚጸለየውን ቃል ፈለግሁ፣ ጠፋኝ። አስቴር የዱራሜ ልጅ ናት፤ ሃዲይኛ አትሰማም። እኔ ግን የአልጋውን ብረት ይዤ፣ ከእናቴ በሰማሁት በሃዲይኛ ጸለይኩላት። ስጨርስ እሷ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ ከሁላችን በላይ ጮክ ብላ "አሜን" አለች።