ነጭ ቆብ በመርዶ ማለዳ

ዛሬ ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ ትርታዬን ልትቆጥር እጄን ስትይዝ፣ ከልብሷ አዲስ የተተኮሰ ጨርቅ ሽታ መጣ። ሚስስ ዶራ ትዝ አሉኝ።

በሰማንያዎቹ በስደት፣ ሬኒየር ቢች በሚባል ሰፈር ስንኖር ጎረቤታችን ነበሩ። በሠሩበት ሆስፒታል የመጀመሪያዋ ጥቁር ነርስ እሳቸው ናቸው፤ ያኔ ግን ጡረታ ወጥተው ነበር። የወንድሜ ሞት ከአገር ቤት ሲሰማ፣ ሽማግሌዎቹ እናቴን ሊያረዱ በማለዳ መጡ። የልብ ታማሚ ስለነበረች ሚስስ ዶራንም ይዘው ነበር። «እንዳትጠረጥር እንደ ወትሮው ይልበሱ» ቢሏቸውም፣ ነጭ ዩኒፎርማቸውን ተኩሰው፣ ቆባቸውን ደፍተው ገቡ።

እናቴ ቆቡን ስታይ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ጮኸች።

ሚስስ ዶራ ጩኸቷ እስኪበርድ እጇን ይዘው ትርታዋን ቆጠሩ። ከዚያ የእኔን እጅ ያዙ።

«አላለቀስሽም» አሉኝ።

«እንባው እምቢ አለኝ።»

«እኔንም ሥራ የጀመርኩ ቀን እምቢ ብሎኛል። በሽተኛው ‹በዚህ ጥቁር እጅሽ እንዳትነኪኝ› አለኝ። ሙቀቱን ለካሁና ወደሚቀጥለው አልጋ ሄድኩ።»

«በኋላስ አለቀሱ?»

ዓይናቸውን ከሰዓታቸው አላነሱም። «ዝም በይ፣ እየቆጠርኩ ነው።»

የክሊኒኳ ነርስ እጄን ለቀቀች። «ትርታሽ ኖርማል ነው» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት፤ «ያን ቀንም ኖርማል ነበር።»