የጎደለችው ሁለት

ከጣርማ በር እስከ ጊሼ ድረስ እኔን የረታ ኢንቴግራል የለም። ሌላው መምህር አንድ ደብተር የሚጨርስበትን እኔ በክብሪት ቀፎ ጀርባ ላይ እገላግለዋለሁ፤ ከቀፎውም ባዶ ቦታ ይተርፈኛል። እንዲህ እያልኩ ስኖር ነው የአንድ ሽማግሌ የድንች ዘር ለውርጭ ያስበላሁት።

ሽማግሌው ራቤል ዳር የተከራየሁባት ክፍል ባለቤት ናቸው። ለበልግ የሚዘሩትን ድንች በጓሮ በድንጋይ ካብ ከበው፣ በጓሳ ሣር አልብሰው ያቆያሉ። የሣሩ ውፍረት አንድ ክንድ ነው። አባታቸውም አንድ ክንድ ነበር፣ አያታቸውም አንድ ክንድ።

እኔ የዓለም ከተማ ልጅ፣ ቆላ ቀመስ ነኝ። ውርጭን የማውቀው በመጽሐፍ ነው። በክረምት እየተመላለስኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር፣ ሙቀት በጠጣር ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚተላለፍ አንድ ሙሉ ኮርስ ወስጃለሁ። እናም በጥቅምት አንድ ከሰዓት በኋላ ሣሩን ሲከምሩ ሳይ አፌ አላርፍ አለ።

"አባባ፣ ይሄ ሁሉ ልብስ ምንድነው? ድንቹን ሊድሩት ነው?"

"አንተ ምን ታውቃለህ! የዚህ አገር ብርድ እኮ በግ ከነጠጉሩ ያደርቃል።"

"ቅዝቃዜው በአንድ ሌሊት ምን ያህል እንደሚዘልቅ በስሌት ይታወቃል። ልክ አለው።"

"ልክ ካለው ለካዋ!"

እንዲህ ተብዬ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ። ከላይ ያለው አየር በድንገት ሲቀዘቅዝ ከሥር ላለው ድንች ምን ያህል ሙቀት እንደሚቀርለት የሚናገረው ኢንቴግራል በዋዛ አይፈታም። ኢ ፓወር ኔጌቲቭ ኤክስ ስኩዌር ውስጡ አለበት፤ በለመድነው መንገድ ሁሉ ብንሞክረው እንደ ግትር በቅሎ ወደ ኋላ ነው። ያለው መላ መበጣጠስ ብቻ ነው። ወደማያልቅ ድምር ይመነዘራል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ኢንቴግሬት ይደረጋል፤ አንዱ ይደመራል፣ ቀጣዩ ይቀነሳል፣ ቁራጮቹ ከቁብ የማይገቡ እስኪሆኑ ድረስ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ተለዋዋጩ ይቀየራል። ተለዋዋጩ ሲቀየር ወሰኑም አብሮ መቀየር አለበት፤ ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንደጮህኩ የክፍሉ ግድግዳ ይመስክር።

የክብሪቱ ቀፎ ሳይሆን አራት ገጽ ፈጀብኝ። ሲያልቅ ተነስቼ እጄን ዘረጋሁ።

"አንድ ስንዝር! ሌላው ሣር ትርፍ ነው።"

ሽማግሌው እጄን አዩ፣ ሣሩን አዩ። "እርግጠኛ ነህ?"

"አባባ፣ ይህ እኮ ሂሳብ ነው።"

"እንግዲህ የተማረ ሰው ካለው..." አሉና ግማሹን ሣር አነሱት። ቢከራከሩኝ ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር። ጓሳው፣ የአገሩ የወል ሣር መሬት፣ ተዘግቶ ከርሞ በስንት ዓመቱ አንዴ ተከፍቶ የታጨደ ሣር ነው፤ ዝም ብሎ አይጣልም። የቤተ ክርስቲያኑ የቤተልሔም ጣሪያ ያፈስ ስለነበር፣ ለኅዳር ሚካኤል ሲሄዱ በአህያቸው ጭነው ሰጡት።

በሳምንቱ ውርጩ ወረደ። ጧት ሣሩን በእንጨት ገለጥ ሲያደርጉ ከጎናቸው ቆሜ ነበር። ድንቹ ጠቁሯል፤ አንዱን ጨመቅ ቢያደርጉት በጣታቸው መካከል ውሃ ሆኖ ፈሰሰ። ወደኔ ዘወር እንኳ አላሉም።

"ሚካኤል ነው" አሉ። "መሄዴ ካልቀረ ብዬ በበዓሉ አህያ ጫንኩ። ለቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ጭነት ጭነት ነው።"

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ጥፋቱ ወደ እሳቸው ዞሮ ሲሄድ ትከሻዬ ቀለለኝ። ያን ዕለት የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄዱ፤ በቀን አርባ አንድ ስግደት፣ ለሁለት ሱባኤ ታዘዘላቸው።

በሁለተኛው ቀን ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ፣ "ተለዋዋጩን ስትቀይሩ ወሰኑን አት..." ብዬ ቀረሁ።

"ቲቸር፣ አመመዎት?" አለች ከፊት ወንበር አንዷ።

አሞኛል። ያቺን የመጨረሻ መስመሬን ዓይኔ ውስጥ አየኋት። ወሰኑ ግርጌ ላይ፣ ከስኩዌር ሩቱ ፊት፣ አንዲት ሁለት መኖር ነበረባት። የለችም። እሷ ስትገባ መልሱ እጥፍ ይሆናል፤ ሁለት ስንዝር። ሁለት ስንዝር ደግሞ ገበሬ ሁሉ እንደሚያውቀው አንድ ክንድ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ጧቶች ጉድ ነበሩ። የሽማግሌው ጉልበት መሬት ሲነካ ከግድግዳው ወዲያ እሰማለሁ፤ ዷ፣ ከዚያ "እግዚኦ"፣ ከዚያ ለመነሳት ማቃሰት። ልማድ ሆኖብኝ እቆጥራለሁ። አርባ አንዱም የኔ ናቸው። ዛሬ እነግራቸዋለሁ እልና ፈተና ማረሚያ ይመጣል፤ ማረሚያው ሲያልቅ ጉንፋን ይይዘኛል። ያን ሰሞን የታመምኩትን ያህል በዕድሜዬ ሙሉ አልታመምኩም።

በመጨረሻ ከካቡ ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ቅቤ እያሹ ነው።

"አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ።"

"ቤቱን ልትለቅ ነው?"

"አይደለም። ድንቹን ሚካኤል አይደለም ያጠፋው።"

"ማን ነው ታዲያ?"

"እኔ ነኝ።"

በጭራሮ አፈሩ ላይ ስሌቱን ጻፍኩና የጎደለችውን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩዋት።

"ይቺ ማጭድ የመሰለችው?"

"አዎ፣ እሷ።"

"እሷን ለማግኘት ስንት ቀን ፈጀብህ?"

"ሁለት ቀን።"

"ለመናገርስ?"

"... አሥር።"

እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሳቁ ሲበርድ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

"ሱባኤው ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶኛል። ጥፋቱ ያንተ ከሆነ ቀሪውን አንተ ስገድ።"

"አባባ፣ እኔ እንኳ ወገቤን..."

"አርባ አንድ፣ አርባ አንድ። መቁጠር ታውቅ የለ?"

በማግስቱ የድንች ዘር ለመለመን እህታቸው ዘንድ ወጡ፤ ሁለት ቀን ቆይተው ጀርባቸው ላይ ግማሽ ጆንያ ይዘው ተመለሱ። ጆንያውን ተቀበልኳቸው።

"ፈጸምክ?" አሉኝ ገና ሳያርፉ።

"ፈጸምኩ፣ አባባ።"

"ሁለቱንም ቀን? አርባ አንድ፣ አርባ አንድ?"

"አርባ አንድ፣ አርባ አንድ።"

"እግዜር ይስጥልኝ። ጉልበቴን አሳረፍክልኝ።"

የሰገድኩት አሥራ ዘጠኝ ነው። የሁለተኛውን ቀን ጭራሽ አልጀመርኩትም።