አያ ገብረሰንበት የታመሙ ዕለት

የናሁሰናይ ስም በተነሳ ቁጥር መምህር ንብረት ሆዱ ይነድ ነበር። እውነቱን ለመናገር ናሁሰናይ ምንም አላደረገውም። ሁለቱም ጅጋ ላይ የዜግነት ትምህርት የሚያስተምሩ፣ አንድ ግቢ ተከራይተው ከአንድ ድስት የሚበሉ ጓደኛሞች ነበሩ። ለሁለተኛ ዲግሪ የተፈተኑትም አብረው ነው፤ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ሊያጠኑ። ናሁሰናይ አለፈ፤ ንብረት ወደቀ። ያስጠናው ደግሞ ንብረት ነበር። እርር ድብን ያለው ለዚህ ነው።

ናሁሰናይ ለእረፍት መጥቶ ስለ ዲፕሎማሲና ስለ ኃይል ሚዛን ማውራት ሲጀምር፣ ንብረት ያላረመው የተማሪዎቹ ፈተና ትዝ ይለዋል። መምህራኑ "አምባሳደሩ መጣ!" ብለው ሲቀበሉት የሞት ሞቱን ፈገግ ይላል። የጓደኛው አዲስ ጫማ እንኳ ያናድደው ነበር።

ይህስ ይቻል ነበር። ያልተቻለው ባለፈው ጥር የመጣው ነው። ናሁሰናይ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራው በእርቅ ላይ ሆነና፣ "አባትህን ባነጋግራቸው ምን ይመስልሃል?" አለው። የንብረት አባት አያ ገብረሰንበት ቋሪት ውስጥ፣ ገበዝ ማርያም አካባቢ፣ ደም የተቃቡ ሰዎችን ሳይቀር ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው። ንብረት "ዲግሪውን ወሰደ፤ አሁን ደግሞ አባቴን ሊወስድ ነው" ብሎ አሰበ።

"አይሆንም" ለማለት ግን አፍ አልነበረውም። ለቅዳሜ ከተቀጣጠሩ በኋላ በዋዜማው ደወለና፣ "አባባን በጣም አሟቸዋል፣ አልጋ ይዘዋል፤ ሌላ ጊዜ ይሁን" አለው። ከዚያም በማግስቱ ጠዋት ተሳፍሮ አገር ቤት አባቱ ዘንድ ገባ፤ በሰላም ሊያርፍ።

አይ ንብረት! እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ፣ የተከበረ ሽማግሌ ታመመ ብሎ ማውራት ምን እንደሚያመጣ ጠፋው።

ረፋድ ላይ አንድ ሚኒባስ ሙሉ መምህራን ብርቱካንና ለስላሳ ይዘው ደጁ ላይ ተራገፉ። ከፊት ናሁሰናይ ነበር፤ ፊቱ በሐሳብ ጠቁሯል። አያ ገብረሰንበት እጅጌያቸውን ሰብስበው በምሳር ግንድ ይፈልጣሉ።

"እግዜር ይማርዎ፣ አባባ! ምነው ተነሱ? ንብረት አልጋ ይዘዋል ቢለን እኮ ነው የመጣነው!" አለ ናሁሰናይ።

አጠገባቸው ፍልጥ የሚከምረው ንብረት ጎንበስ አለ። ሽማግሌው ምሳሩን ግንዱ ላይ ተከሉትና ወደ ልጃቸው አዩ። ብዙም አላዩት። ከዚያ ወገባቸውን ያዝ አድርገው፣ "አሜን፣ ልጆቼ። ጎኔን ወግቶኝ ነበር፤ ቢያልበኝ ይለቀኝ ይሆን ብዬ ነው። እናንተን ሳይ ደግሞ ጨርሶ ተወኝ፤ ግቡ፣ ግቡ" አሉ። በሽምግልና ዘመናቸው ሐሰት ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ሰው! ምሳሩ እግሩ ላይ ቢያርፍ ለንብረት ይሻለው ነበር።

ጠላው ከቀረበ በኋላ ናሁሰናይ አስፈቅዶ የስልኩን መቅጃ ከፈተ። አያ ገብረሰንበት ልጃቸው አንድም ቀን ጠይቋቸው የማያውቀውን ነገር ሁሉ ዘርዝረው ነገሩት። ንብረት ጥግ ተቀምጦ ይቃጠላል። እንዲያ አፍሮም ቅናቱ አልለቀቀውም።

"አባባ፣ ከሁሉ አስቸጋሪው ጠብ የቱ ነው?" አለ ናሁሰናይ።

"አንዱ ብቻ የተጣላው ነዋ።"

"እንዴት ያለ ነው እሱ?"

"አንደኛው ቂም ቋጥሯል። ሌላው መጣላታቸውን እንኳ አያውቅም፤ ወዳጄ ብሎ ደጁ ይመጣል።"

"ታዲያ እነዚህ እንዴት ይታረቃሉ?"

ሽማግሌው ከጠላቸው ጎንጨት አሉ። "እኔስ ይኸው እስከ ዛሬ አቅቶኝ ነው የኖርሁ። እስቲ ንብረት ይንገርህ።"

ናሁሰናይ እየሳቀ ስልኩን ወደ ጓደኛው አዞረ። መቅጃው እየሠራ ነበር። መምህራኑም ወሬያቸውን አቁመው መልሱን ይጠብቁ ጀመር።