ለአሻንጉሊቷ የተነገረ ምስጢር

ከባለቤቴ ከግርማ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ተራ ነገር የልጅ ልጃችንን ሶሊያናን ከመዋዕለ ሕፃናት መቀበል ነበር። ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ለቡ በታክሲ ስንሄድ ብርቱካን እየላጠ አጎረሰኝ። ግቢው ውስጥ የሰው ቅርጽ ያለው ነጭ ሮቦት ቆሞ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ሕፃናቱ ተሰልፈው ያቅፉታል። ሶሊያና ጆሮው ሥር አንሾካሾከች።

"ምን አልሽው የኔ እናት?"

"ምስጢር ነው እማማ። እሱ ለማንም አይናገርም።"

ከሮቦቱ ኋላ አንድ ወጣት ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ልጆቹ የሚሉትን ታብሌቱ ላይ ይጽፋል። ዓይኔን ከወጣቱ ላይ መንቀል አቃተኝ። ግርማ እጄን ያዘኝና "ሰናይት ትዝ አለችሽ አይደል?" አለኝ።

በሃያ ዓመቴ ነፋስ ስልክ በሚገኝ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ረዳት መምህርት ነበርኩ። ግርማ ከበሩ ፊት ለፊት ሬዲዮ ይጠግን ነበር። ዳይሬክተሯ አዘዙትና የልጅ ቁመት ያላት ተረት ነጋሪ አሻንጉሊት ሠራ። ድምፅ ማጉያው ደረቷ ውስጥ ነው፤ ማይክሮፎኑ ከመጋረጃ ጀርባ እኔ እጅ ላይ። ልጆቹ በጣም ወደዷት። ምሳቸውን ሊያጎርሷት ይሞክሩ ነበር፤ ሲሄዱ ከከንፈሯ ላይ የደረቀ ሽሮ የምፍቀው እኔ ነኝ።

ግንቦት ላይ ከየምሳ ዕቃው ዳቦ መጥፋት ጀመረ። ልጆቹን ብጠይቅ ሁሉም ዝም። ዳይሬክተሯ "እስቲ አሻንጉሊቷ ትጠይቃቸው" አሉ። ብልሃት መስሎኝ ሳቅሁ። ድምፄን አቅጥኜ እስከ መለማመድ ደረስኩ።

የአምስት ዓመቷ ሰናይት ብቻዋን መጣች።

"ዳቦውን ማን ወሰደው?" አልኩ።

"እኔ። ለወንድሜ ነው። ጥርስ ስለሌለው በሻይ አርሼ ነው የማበላው። ለማንም እንዳትነግሪ፣ እሺ?"

"እሺ" አልኩ፣ በዚያው ቀጭን ድምፅ።

ለዳይሬክተሯ ነገርኳቸው። በማግስቱ ሰልፍ ፊት አቆሟት። ልጆቹ "ሌባ! ሌባ!" ብለው ጮኹ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ክፍል ስንገባ ከመጋረጃው ጀርባ ሄጄ ተደበቅሁ። ሰናይት በንፍጥና በእንባ እንደተለወሰች መጥታ አሻንጉሊቷን አቀፈቻት።

"አንቺ ሁሉንም ታውቂያለሽ። ማነው የተናገረብኝ?"

ማይክሮፎኑ በላቤ ርሷል፤ የዝገት ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ ነው። ራሴን ጠላሁ፤ ያቺን ቀጭን ድምፅም። ማይክሮፎኑን አጥፍቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

ለግርማ ስነግረው ፒንሳ ይዞ ገባና ሽቦውን ቆረጠ። ዳይሬክተሯ "ንብረት አበላሸህ!" ብለው ጮኹበት። "መጀመሪያ ስሠራት ነው ያበላሸሁት እትዬ" አላቸው። በዓመቱ አገባሁት። ሰናይት ግን ሰኞ አልመጣችም፤ ከዚያ በኋላም አላየኋትም።

ግርማ ከዚያ ብርቱካን በኋላ ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆየልኝም። ሮቦቱ አሁንም ግቢው ውስጥ ነው። የሶሊያና መምህርት "ምንም ጉዳት የለውም እማማ፣ ልጆቹ ያምኑታል" ትለኛለች። የሚያስጠላኝ ይኸው ማመናቸው ነው፤ ከኋላ ማን እንደቆመ ማንም አልነገራቸውም።

አሁን በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ብቻዬን ለቡ ሄጄ ሶሊያናን እቀበላለሁ። ታክሲ ውስጥ ብርቱካን እልጥላታለሁ፤ ምንም አልጠይቃትም።