የአጣሪዋ ኮት ኪስ

ሰው ሁሉ «ባለ ሜትሩ» ነበር የሚለው። ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ይበላል፣ ሳያወርድ ይተኛል። ሚስቱም አንዳንድ ቀን «አንተ ሰውዬ፣ በገዛ ሜትርህ ታንቀህ ታድርና ጉድ ታፈላብኛለህ» ትለው ነበር። ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ አራት መንገድ የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ያለች፣ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር መስኮቷ የሚንቀጠቀጥ አንዲት ክፍል ነበረች። መሃሏ ላይ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ወዲህ የስፌት መኪና፣ ካውያ፣ የሰው ሱሪ፤ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ፣ ምድጃ፣ ሚስት። ትዳሩም ሥራውም እዚያችው ውስጥ አርጅተዋል።

ሚስቱ ደረቷን ታማለች። የጨርቅ ብናኝ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ሐኪሙ «ብናኝ የሌለበት ቤትና የሚከፈት መስኮት ያስፈልግሻል» አላት፤ እሱ ለመናገር ምን ገዶት! እሷ መጋረጃውን አስባ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባትና ባልየው ውሃ ይዞ ቆሞ ጠበቃት።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ማዕዘኑ ይፈርሳል የተባለው። የሰፈሩ ሰው አዳራሽ ተጠራና አንድ ኢንጂነር የካርቶን ፎቆች ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ አስረዳ። «ሁሉንም ኮንዶሚኒየም ብናደርገው ቀን ቀን አካባቢው ጭር ይላል፤ ሁሉንም ቢሮ ብናደርገው ደግሞ ማታ ማታ ጭር ይላል። ስለዚህ ሚዛን እንጠብቃለን፤ በዚህ በኩል መኖሪያ፣ በዚያ በኩል ቢሮ።» ክፍሉ መኖሪያ የነበረ ሰው ከኮንዶሚኒየሙ ቤት ያገኛል። ክፍሉ የሥራ ቦታ የነበረ ከቢሮው ሥር ሱቅ ያገኛል። ሁለቱንም ማንም አያገኝም።

ባለ ሜትሩ እጁን አወጣ። «ጌታዬ፣ እኔ እዚያችው ክፍል ቀን እሠራለሁ፣ ማታ እተኛለሁ። እርስዎ የሚሉት ሚዛን እኔው ራሴ አይደለሁም ወይ?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ኢንጂነሩም አብሮ ሳቀ፤ ደግ ሰው ነው፣ አይታማም። «እውነትዎን ነው አባባ፤ ግን አንዱን ይምረጡ» አለው።

ቤት ሲገቡ ሚስቱ «ሱቁን ምረጥ» አለችው። «ያለ ሱቅ በምን ልታኖረኝ ነው?»

«አንቺ ከሌለሽ ለማን ብዬ ልሰፋ ነው?» አላት። በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመን ከአፉ የወጣች የፍቅር ቃል ይቺው ነበረች፤ እሷንም የተናገራት ቁልፍ እየተከለ ነው።

ቤቱ ተመረጠ። የነጋዴዎች ምዝገባ ሲጀመር ባለ ሜትሩ ሳይመዘገብ ቀረ፤ ምዝገባውም ተዘጋ። አሁን የቀረው አጣሪ መጥታ ክፍሏን «መኖሪያ ናት» ማለቷ ብቻ ነው። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ሮጦ መጥቶ መከረው፦ «ስማ፣ መኪናህን ደብቅ፣ ታፔላህን አውርድ። ሱቅ የሚመስል ነገር ካየች አለቀልህ፤ ከሁለት ያጣ ሆነህ ትቀራለህ።» መኪናውን ተጋግዘው ወደ ፀጉር ቤቱ አሻገሩት። ሚስቱ ክርና ቁራጭ ጨርቅ አንድ ሳታስቀር ጠረገች። መጋረጃው ወረደ። ሜትሩን ራሷ ከአንገቱ አወለቀችለት፤ ያን ጊዜ ሰውዬው ራቁቱን የቆመ መሰለው። አንድ ነገር ብቻ ሁለቱም ረሱ፤ ልብስ ሰፊ ሁሉ ክር የገባባት መርፌ ከኮሌታው ሥር ሰክቶ ነው የሚውለው።

አጣሪዋ መጣች። ወጣት ናት፣ ትሕትና ያላት። አልጋውን አየች፣ ምድጃውን አየች፣ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሴትየዋ ጨርሳ ልትወጣ ዞር ስትል የኮቷ ኪስ በአንድ ጎኑ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል።

ወይ አበሳ! ምን ነበር ዓይኑን ቢጨፍን!

«ልጄ፣ ይህን ይዘሽ በሰው ፊት ትሄጃለሽ? አውልቂው እስቲ» አለ። እምቢ እያለች አወለቀች። መርፌው ከኮሌታው ሥር ወጣ። እጁ መሥራት ሲጀምር ደግሞ አፉ ተፈታ። «ፋብሪካ እንዲህ ነው፣ ላይ ላዩን ሰፍቶ ይለቃል። እኔ ከሥሩ ጨርቅ አስገብቼ ነው የማስረው።»

«ኧረ እጅዎ! ሰው ይመጣልዎታል?»

«ሰው? ከዚያ ማዶ ሕንፃ ያለው ሠራተኛ ሁሉ በእኔ እጅ ነው የሚለብሰው!»

ሚስቱ ሳለች። እውነተኛ ሳል አልነበረም፤ «ዝም በል» ማለቷ ነው። እሱ ግን ደንግጦ ቀና አለና ለእንግዳዋ አስረዳ፦ «አይዞሽ፣ የሚተላለፍ አይደለም፤ የጨርቁ ብናኝ ነው። ሌት ተቀን እዚሁ ሲሰፋ እሷ እላዩ ላይ ተኝታ...»

ያኔ የሚስቱን ፊት አየ። ነገሩ የገባውም ያኔ ነው።

አጣሪዋ ኮቷን ተቀብላ ኪሱን በጣቷ ዳሰሰች። «አባባ፣ ምነው ዝም ብለውኝ ቢሆን ኖሮ» አለች ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። «የእኔን ሥራ የሚያጣራ ሌላ ሰው አለ። የሰማሁትን አልሰማሁም ማለት አልችልም።»

ለመናት። ሚስቱም ለመነች። የሥራ ቦታ ተብሎ ተጻፈ፤ የሥራ ቦታ ያላቸው ሰዎች ምዝገባ ደግሞ ተዘግቷል። ከዚያ በኋላ ያንኳኳው ደጅ ሁሉ ወደ ሌላ ደጅ ነው የላከው። ኢንጂነሩን እንኳ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቶት ነበር፤ አዘነለት፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ መኪናው ውስጥ ገባ።

ዛሬ ከከተማው ጫፍ፣ መስኮቷ ወደ ሰው ግድግዳ በሚከፈት የኪራይ ክፍል ይኖራሉ። መጋረጃ የሚሰቀልበት ቦታ እንኳ የላትም፤ የስፌት መኪናው ከአልጋው ራስጌ ነው ያለው። ሚስቱ ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አልወቀሰችውም፤ ብትሰድበው በስንት ጣዕሙ!

በቀደም ሥራ ፍለጋ ወደ ማዕዘኑ ሄዶ ነበር። ፎቆቹ ቆመዋል፣ አንዱ መኖሪያ፣ አንዱ ቢሮ፤ ሚዛኑ ተጠብቋል። ዘበኛው «አባት፣ እዚህ መቆም አይቻልም» ብሎ ወደ መንገዱ ገፋ አደረገው። እዚያ ለመሻገር የትራፊክ መብራቱን ሲጠብቅ አጣሪዋን አያት። ያንኑ ኮት ለብሳ፣ እጇን ኪሱ ውስጥ ከታ ተሻገረች፤ እሱን ልብ አላለችውም። ኪሱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ደስ አለው፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለው። ከዚያ በራሱ አፈረና መንገዱን ሳይሻገር ተመለሰ።

«ያቺን አጣሪ አየኋት» አላት ለሚስቱ።

ከትራሷ ቀና ሳትል «ኪሱስ?» አለችው።

«እንዳለ ነው። ክሩ እንኳ አልላላም።»

ሳሉ መጣባት፤ ቆየባትም። ሲለቃት «እንዴት አድርገህ ነው የሰፋኸው፣ አንተዬ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግሥቱ ጠዋት ግን ሱሪ የሚያሳጥር ደንበኛ መጣ። መብላት ግድ ነውና ባለ ሜትሩ መኪናውን ከራስጌዋ ከፈተው፤ ብናኙም ተነሣ።