ወተት ሸጦ የቆርቆሮ ወተት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ለልጇ የትምህርት ቤት ምሳ ስትቋጥር አየኋት። ብስኩት፣ የታሸገ የድንች ጥብስ፣ ቀይ ቀለም ያለው ጁስ። "እንቁላልስ? ሙዝስ?" ብላት፣ "እማማ፣ ጤናማ ምግብ እኮ የሀብታም ነው" አለችኝ። ገበያውን አውቀዋለሁ፤ አልዋሸችም። ግን ደሜ ፈላ። በእሷ አይደለም የተናደድኩት።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ጭሮ ገና አሰበ ተፈሪ እየተባለች ሳለ፣ ከጎጃም ተመድቤ የሄድኩ ወጣት ረዳት ነርስ ነበርኩ። ሆጃ የሚሉት፣ የቡና ገለባ ከወተት ጋር ፈልቶ የሚጠጣው ነገር መጀመሪያ ፊቴን አስቋጥሮኝ ነበር፤ ትንሽ ቆይቼ ያለ እሱ ማለዳዬ አይነጋም አልኩ። ኅዳር ላይ የማሽላው እሸት በፍም ተጠብሶ እጅ እያቃጠለ ይበላል። እንቁላሉ፣ ቅቤው፣ ማሩ፣ ብርቱካኑ ከየገጠሩ በአህያ ይገባል። የእኔን የመሰለ ደመወዝ ያለው ሰው እንኳ ጠግቦ ያድር ነበር።

ወተት የምታመጣልኝ ፋጡማ ነበረች። ከከተማው በላይ ካለው ዳገት በየማለዳው ትወርዳለች፤ ቅሏን በወይራ ስለምታጥነው ወተቱ ጢስ ጢስ ይላል። እኩያዬ ነበረች። አማርኛዋ ስብርብር፣ ሳቋ ግን ሙሉ። አንድ ማለዳ ሳትስቅ መጣች። ያዘለችውን ልጅ አውርዳ ፊቴ አስቀመጠችው። ዓመት አልፎታል፤ ክንዱ ግን ጭራሮ መስሏል፣ እግሩ አብጧል፣ ለማልቀስ እንኳ አቅም የለውም።

"ጡት ከተወ ወዲህ ምን ትሰጪዋለሽ?" አልኳት።

"ጥሩ ነገር ነው ምሰጠው፣ ወላሂ! የቆርቆሮ ወተት ነው። ውድ ነው፣ የኛ አይደለም።"

"የላምሽ ወተትስ?"

"እሱንማ ሸጥኩ። የቆርቆሮውን ልገዛበት።"

ቆርቆሮውን ከመቀነቷ አውጥታ አሳየችኝ። ስኳር የበዛበት ወፍራም ወተት ነው። ቶሎ እንዳያልቅባት አንዲት ማንኪያ በብዙ ውኃ ታቀጥነዋለች። ልጁ ሲጠጣ የከረመው ስኳር ውኃ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ደግሞ ጉንጩ የሞላ ሕፃን ይስቃል።

"ይሄን ስጪው ያለሽ ማን ነው?"

"ነጋዴው። 'የናንተ ወተት ለገበሬ ነው፣ ሐኪሞች ያዘዙት ይሄን ነው' አለ። አንቺም ሐኪም ነሽ። አላዘዝሽም?"

ያቺ ጥያቄ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለች።

ልጁን ክሊኒክ አስተኝተን ወተት በማንኪያ፣ ቀስ እያልን ማጠጣት ጀመርን። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሄድኩ። ነጋዴው ባለ ኮት፣ ለቤተ ክርስቲያንም እጁ የተፈታ፣ በከተማው የተከበረ ሰው ነበር። ወንበር አቀረበልኝ። አልተቀመጥኩም።

"ይሄን ወተት ያዘዘው የትኛው ሐኪም ነው?"

"ልጄ፣ ይሄ ንግድ ነው። ማንን እጁን ይዤ ጎተትኩ? ገበሬውም መሠልጠን አለበት።"

"ልጁ እየሞተበት ነው የሚሠለጥነው?"

ሳይታወቀኝ ጮኬ ነበር፤ የገበያ ሰው በሩ ላይ ተሰበሰበ። በማትረባ ኦሮምኛዬ ወደ ሴቶቹ ዞሬ፣ እኛ ይሄን እንዳላዘዝን፣ የላሞቻቸው ወተት እንደሚበልጥ ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ በኦሮምኛዬ ይሆናል። አንዲት ሴት ግን የገዛችውን ቆርቆሮ ከዘንቢሏ አውጥታ ባንኮኒው ላይ መለሰች።

ሰውየው "የሰው ንግድ አበላሸች" ብሎ ከሰሰኝ። ብዙም ሳይቆይ ኃላፊዬ ዓይኔን ሳያይ፣ "መቻራ ክሊኒክ ሰው ጎድሏል፣ ወደዚያ ትሄጃለሽ" አለኝ። ለምን እንደጎደለ፣ ለምን እኔ እንደተመረጥኩ አልጠየቅኩትም። ሁለታችንም እናውቀው ነበር።

የምሄድ ዕለት ፋጡማ ልጇን ይዛ መኪናው ድረስ መጣች። እብጠቱ ጎድሏል። የማሽላ ገንፎ በቅቤ፣ ሲገኝም እንቁላል እያበላችው ነበር፤ ሁሉም ከጓዳዋ። "አሁን ወተት እሱ ሳይጠጣ አልሸጥም" አለችኝ። "ከሱ የተረፈውን ብቻ።" ያ ሳቋ ተመልሶ ነበር።

በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ አቧራ እየቃምኩ መቻራ ገባሁ። መጀመሪያ ውኃ ልጠጣ የገባሁበት ሱቅ መደርደሪያው ላይ ያው ቆርቆሮ ተደርድሮ ነበር።

ይኸው ዕድሜዬ ሰማንያን አልፎ፣ በቴሌቪዥን "ሕዝባችን አመጋገብ አያውቅም" የሚሉ የተማሩ ሰዎች ስሰማ እዘጋዋለሁ። ያኔ ጥሩው ምግብ በእነ ፋጡማ እጅ ነበር፤ እንዲያፍሩበት ተደርገው መጥፎውን በውድ ገዙ። ዛሬ መጥፎው ረክሶ ጥሩው ከእጃቸው ወጣ። ዋጋው ተገለባበጠ፣ የሚጎዳው ሰው ያው ነው። ፋጡማ ልጅ በምን እንደሚያድግ ከእናቷ ተምራለች፤ የምታውቀውን በውሸት አስጣሏት። ያስጣሏት ሰዎች አንድ ቀን እንኳ አልተጠየቁም፤ ቁጣዬም እስከ ዛሬ አልበረደም።